የጠረጴዛ ላይ ውጥረት ማርገቢያ ዕቃዎች፦ የትኛው ለየትኛው ችግር ይሆናል?

የሥራ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ማረጋጊያ ዕቃዎች ዓይነታቸው በዝቷል። የሚጨበጥ ኳስ አለ፤ በትንፋሽ ልክ የሚደምቅና የሚደበዝዝ መብራት አለ፤ የአሸዋ ትሪ፣ ትንሽ ፏፏቴ፣ የሽታ ማሰራጫ፣ የልብ ምት የሚያነብ ሴንሰር አለ። ማሸጊያቸው ላይ የሚነበበው ግን አንድ ዓይነት ነው፤ «ውጥረት ይቀንሳል፣ ሐሳብ ይሰበስባል»። ገዢ ግራ የሚጋባውም እዚህ ላይ ነው። ውጥረትን ማርገብና ሐሳብን መሰብሰብ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱንም እኩል የሚሠራ ዕቃ ጥቂት ነው። ደህና ሆኖ የተሠራ ዕቃ ሳይቆይ መሳቢያ ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ የገዢውን ችግር ስለማይነካ ነው።

## ችግሩ የት ላይ ነው?

ውጥረት በሰውነት ላይ ሲወጣ ምልክቱ ይታወቃል። ትከሻ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ጥርስ ይነከሳል፣ ትንፋሽ ያጥርና ደረት ላይ ይቀራል፣ እጅ ብዕር ማሽከርከር ወይም ጠረጴዛ ማንኳኳት ይጀምራል። ይህን የሚያረግበው ጡንቻን ወይም ትንፋሽን የሚነካ ዕቃ ነው።

የሐሳብ መበተን ሌላ ነው። አንድ አንቀጽ ሦስት ጊዜ ይነበባል፣ እጅ ሳይታወቅ ወደ ስልክ ይሄዳል፣ ያለፈው ስብሰባ ወይም የነገው ቀጠሮ ከፊት ካለው ሥራ ይቀድማል። ለዚህ የሚሆነው ትኩረትን ለጥቂት ደቂቃ አንድ ነገር ላይ የሚያሳርፍ ዕቃ ነው። ሦስተኛው ከውጭ የሚመጣው ነው፤ የጎረቤት ወሬ፣ የስልክ ጥሪ፣ የኮሪደር ኮቴ። ለእሱ ኳስ መጨበጥ ከንቱ ድካም ነው፤ ድምፁን የሚሸፍን ነገር ያስፈልጋል።

ከመግዛትዎ በፊት ለሦስት የሥራ ቀናት ያህል ውጥረት በመጣ ቁጥር ሰዓቱንና መጀመሪያ የተሰማዎትን ነገር በአንድ ቃል ይጻፉ፦ ትከሻ፣ ትንፋሽ፣ ስልክ፣ ጫጫታ። ወረቀቱ ላይ የሚደጋገመው ቃል ከታች ካሉት ክፍሎች የትኛውን በጥንቃቄ ማንበብ እንዳለብዎት ይነግርዎታል። ቃሉ «ደረት ሕመም» ከሆነ፣ ወይም ጭንቀቱ ለሳምንታት እንቅልፍ ከነሳዎት፣ የሚያስፈልገው የጠረጴዛ ዕቃ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

## ዕቃዎቹ የሚመዘኑበት

ለመጀመር የሚፈጀው ጊዜ። ከሁሉም በላይ ክብደት የሚገባው ይህ ነው። እጅ ከተዘረጋበት ዕቃው ሥራ እስኪጀምር ድረስ ከ5 ሰከንድ በላይ ከወሰደ በጭንቅ ሰዓት የሚያነሣው የለም። ስልክ ተከፍቶ፣ አፕ ተፈልጎ፣ ብሉቱዝ ተገናኝቶ የሚጀመር ዕቃ ደግሞ መንገዱ ላይ መልእክት ይጠብቀዋል፤ ለመረጋጋት የተነሣው ሰው ኢሜይል ሲመልስ ይገኛል።

ሥራ ያስቆማል ወይስ አብሮ ይሄዳል? ስብሰባ ላይ ወይም ስልክ እያወሩ የሚጠቀሙበት ዕቃ ዓይን መያዝ የለበትም። በእረፍት ሰዓት የሚጠቀሙበት ግን ዓይንን ሙሉ በሙሉ ቢይዝ ይመረጣል፤ ዓይን ከስክሪኑ የሚላቀቀው በዚህ ነው።

ጎረቤትን ይነካል ወይ? ድምፅ፣ ሽታና ብልጭታ ከጠረጴዛዎ ያልፋሉ።

ጥገናው ምን ያህል ነው? ውሃ የሚይዝ ሁሉ መታጠብ ይፈልጋል፤ ባትሪ ያለው ሁሉ ይሞላል ወይም ይቀየራል።

ሲበላሽ ምን ያደርሳል? የተነደለ ኳስ ይጣላል፤ ላፕቶፕ ላይ የተደፋ ፏፏቴ ግን ከራሱ ዋጋ በላይ ጉዳት ያደርሳል።

ያለ አምራቹ ይሠራል ወይ? አካውንት የሚጠይቅ ዕቃ ኩባንያው አፑን ያቆመ ዕለት ከንቱ ይሆናል።

ዋጋን ከእነዚህ በኋላ ነው ማየት የሚሻለው፤ በዚህ ዘርፍ ርካሹ ከውዱ የሚበልጥባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው።

## ትንፋሽን የሚመሩ መብራቶችና ነዛሪዎች

ለሰውነት ውጥረት አንድ ዕቃ ብቻ የሚገዛ ሰው ከዚህ ቢጀምር ይሻላል። ሁለት መልክ አላቸው። አንደኛው ቀስ እያለ የሚደምቅና የሚደበዝዝ የኤልኢዲ መብራት ነው፤ ሲደምቅ አየር ይሳባል፣ ሲደበዝዝ ይወጣል። ሁለተኛው መዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ እንደ ጠጠር የለሰለሰና በንዝረት የሚመራ ዕቃ ነው።

የሚሠሩት እንዲህ ነው። ጎልማሳ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ እነዚህ ዕቃዎች ወደ 6 ያወርዱታል። አየር ሲገባ የልብ ምት ትንሽ ይፈጥናል፣ ሲወጣ ይዘገያል፤ የማዘግየቱን ሥራ የሚሠራው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ትንፋሽ ሲረዝም ይህ መውጣትና መውረድ እየጎላ ይሄዳል፤ በደቂቃ 6 ገደማ ላይ የልብ ምት ሞገድ ከደም ግፊት ሞገድ ጋር ይገጥማል። ነጥቡ ከሰው ሰው ይለያያል፤ በአብዛኛው ከ4.5 እስከ 6.5 ባለው ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ የመጀመሪያው የግዢ ጥያቄ «ፍጥነቱ ይስተካከላል ወይ?» የሚል ነው። አንድ ፍጥነት ብቻ ያለው ዕቃ ለአንዱ ልክ ሲሆን ሌላውን ያፍነዋል።

አንዳንዶቹ «4-7-8» በሚባለው ልክ ተሞልተው ይመጣሉ፤ 4 ሰከንድ መሳብ፣ 7 መያዝ፣ 8 ማውጣት። አንዱ ዙር 19 ሰከንድ ስለሚፈጅ በደቂቃ ሦስት ትንፋሽ ያህል ብቻ ይሆናል። ይህ ለጀማሪ ከባድ ነው፤ አየር ያጠረው ሰው ደግሞ ይጨነቃል እንጂ አይረጋጋም። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 4 ሰከንድ መሳብና 6 ሰከንድ ማውጣት፣ ሳይያዝ፣ ይበቃል።

አጠቃቀሙ ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት «ቀስ ብሎ» የሚለውን «በጥልቀት» አድርጎ መረዳት ነው። በእያንዳንዱ ዙር ሳንባን እስከ ጥግ የሚሞላ ሰው ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይሞላው ራሱን ያዞረዋል፣ ጣቶቹን ይነዝረዋል። ምክንያቱ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በታች መውረዱ ነው። መፍትሔው የሚገባውን አየር መቀነስ ነው፤ ትንፋሹ ረዥምና ቀጭን ይሁን፣ ደረት ሳይነሣ ሆድ በትንሹ ይንቀሳቀስ። ማዞሩ ካልተወ ያቁሙና እንደ ልማድዎ ይተንፍሱ።

መብራቱን ለመፈተሽ ሰዓት ይያዙና በ6 ላይ ያስጀምሩት። 6 ሙሉ ዙር በ60 ሰከንድ ማለቅ አለበት። ቀጥሎ ሽግግሩን ያስተውሉ። ርካሽ የሆኑት በደረጃ እየዘለሉ ይደምቃሉ፤ ዓይን ዝላዩን ስለሚይዘው ትንፋሽም አብሮ ይቆራረጣል። ደህናው መብራት መቼ መደብዘዝ እንደጀመረ ለመለየት ያስቸግራል። የብርሃን መጠኑ የሚቀነስ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ከስክሪን አጠገብ የሚያበራ ደማቅ ሰማያዊ መብራት ወደ ማታ ላይ ዓይን ይረብሻል።

ነዛሪው ዓይኑን ለሚጨፍን ሰውና ሰው መሀል ለሚሠራ ይመረጣል፤ ኪስ ውስጥ ሆኖ ይሠራል። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ግን እንጨቱ ንዝረቱን ያጎላዋል፤ ጨርቅ ላይ ወይም መዳፍ ውስጥ ብቻ ነው የሚሆነው። ባትሪው ብዙ ጊዜ ታሽጎ ስለሚመጣ ሲያረጅ የሚጣለው ዕቃው ራሱ ነው። መብራቱ በዩኤስቢ ገመድ በቀጥታ የሚሠራ ከሆነ ዕድሜው ይረዝማል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል የሚያጠቃቸው አንዳንድ ሰዎች ትንፋሻቸውን ማዳመጥ ራሱ ፍርሃቱን ይቀሰቅስባቸዋል። ለእነሱ የእጅ ዕቃ ይሻላል።

## የእጅ ዕቃዎች

የሚጨበጥ ኳስ። ጥቅሙ ከመጨበጡ ይልቅ በመልቀቁ ላይ ነው። ጡንቻን አጥብቆ ከዚያ መልቀቅ፣ አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያዳበረው የማፍታታት ዘዴ መሠረት ነው። በኳስ ሲሠራ፦ 5 ሰከንድ ያህል ከሙሉ ኃይል በታች ይጨብጡ፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፣ እጅ ሲሞቅና ሲከብድ ልብ ይበሉ፤ በእያንዳንዱ እጅ ከ5 እስከ 8 ጊዜ ይድገሙ። ሳያቋርጡ መጭመቅ ግን ክንድን ያደክማል። የእጅ አንጓ ነርቭ መጨናነቅ ወይም የጅማት ቁጣ ያለበት ሰው ኳስ ባይጨብጥ ይሻላል፤ ሕመሙን ያብስበታል።

ለጎልማሳ እጅ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይስማማል። የፎም ኳስ ርካሽና ድምፅ አልባ ነው፤ ላብ ሲጠግብ ግን ፊቱ መፈርፈር ይጀምራል። ጄል የሞላው ሲጨበጥ ይመቻል፤ ሞቱ ጥፍር ነው። መጀመሪያ ስፌቱ አካባቢ ይለጠጥና ነጭ መስመር ያወጣል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ነጭ መስመሩ ከታየ ኪቦርድ ላይ ሳይፈስ ይጣሉት። በላቴክስ የተሸፈኑት አለርጂ ላለበት ሰው አይሆኑም።

የሲሊኮን ሊጥ። እንደ ጭቃ ይሳባል፣ ይቀደዳል፣ ይጠቀለላል። የጣትን መቁነጥነጥ ለማብረድ ከኳስ ይበልጣል፤ ለእያንዳንዱ ጣት ሥራ ይሰጠዋል። ችግሩ ጨርቅ ነው። ሱሪ ላይ ከተረሳ ቀስ በቀስ ይፈስና በክሩ መሀል ይገባል። ያኔ መፋቅ ሳይሆን አልኮል (አይሶፕሮፒል) ማርከፍከፍና የላላውን በጨርቅ ማንሣት ነው። በብረት ዱቄት ተሠርቶ ከማግኔት ጋር የሚሸጠውን ልጅ ባለበት ቤት አያስገቡ።

የፊጄት ኪዩብ። በ2016 ኪክስታርተር በሚባለው የሕዝብ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ላይ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ታዋቂ የሆነው ዓይነት ስድስት ፊት አለው፤ የሚጫን፣ የሚሽከረከር፣ የሚገፋ፣ የሚታሽ። ሲገዙ ስንቱ ፊት ድምፅ እንደማያወጣ ይቁጠሩ። ቢያንስ ሦስቱ ዝም ካላሉ ለጋራ ቢሮ አይሆንም።

ስፒነር። በጣቶች መሀል ተይዞ የሚሽከረከር ዕቃ ነው። ዓይን ይስባል፤ ሥራ እየሠሩ ለመጠቀም አይመከርም።

በአጠቃላይ የእጅ ዕቃ ሰውነትን ያረግባል፣ ረዥም ስብሰባ ያስችላል፤ የተበተነ ሐሳብን ግን ብዙም አይሰበስብም። እጅ ራሱን ችሎ ይሠራል፣ አእምሮ መንከራተቱን ይቀጥላል።

## አሸዋ፣ ብሩሽና ውሃ

ሐሳብ ለመሰብሰብ ከሁሉ የተሻሉት እነዚህ ናቸው፤ ዓይንና እጅን አንድ ላይ ስለሚይዙ ሦስተኛ ነገር ለማሰብ ቦታ አይተዉም። የአሸዋ ትሪው ሐሳብ የመጣው ከጃፓን ደረቅ የአትክልት ስፍራዎች ነው፤ ኪዮቶ የሚገኘው ሪዮአንጂ ቤተ መቅደስ ያለው በድንጋዮቹና በተፋቀው ጠጠሩ የታወቀ ነው።

ትሪ ሲመርጡ ጠርዙ ከአሸዋው ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በስስ የፈሰሰ አሸዋ ሲፋቅ ታቹን ያሳያል፤ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። ስፋቱ እንደ አንድ ደብተር ቢሆን ይመረጣል፤ በጣም ትንሽ ከሆነ መሳያው ሁለት ጊዜ ተጎትቶ ያልቃል። አሸዋው እንደ ዱቄት የላመ ከሆነ ይቦናል፣ ኪቦርድ ውስጥም ይገባል፤ ሸካራ ከሆነ መስመሩ ጥርት አይልም። እርጥበት የያዘ አሸዋ ይቋጠራል፤ ትሪ ላይ ዘርግተው ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ይመለሳል። ቦታው ከማውዝ በተቃራኒው በኩል ይሁን።

አጠቃቀሙ፦ ከአንዱ ጥግ ይጀምሩ፣ አንዱን መስመር በአንድ የትንፋሽ መውጫ ልክ ይሳቡ፣ ከተጣመመ አያርሙት፣ ቀጥሎ ያለውን ከጎኑ ያስይዙ። ትሪው ሲሞላ በካርድ ደልድለው ይጨርሱ። አምስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

በራሱ የሚስለውና በጣም ውዱ ዓይነት ሌላ ነው። ከአሸዋው ሥር በሞተር የሚንቀሳቀስ ማግኔት የብረት ኳስ ይጎትታል። ያምራል፤ ሆኖም ተመልካች እንጂ ሠሪ አያደርግም፣ ስለዚህ ትኩረት የመሰብሰብ ኃይሉ ከተራው ትሪ ያነሰ ነው። ርካሽ ሞተር ያላቸው ይንጫጫሉ፤ አሸዋው እርጥበት ሲስብ ኳሱ ይያዝና ማግኔቱ ጥሎት ይሄዳል።

የውሃ ሰሌዳው በውሃ ብሩሽ የሚሣልበትና የተሣለው በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠፋ ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ ቶሎ ይነናል፣ እርጥብ ከሆነ ይዘገያል። ጨዋማ ውሃ ነጭ ጠባሳ ስለሚተው የተጣራ ውሃ ይጠቀሙ፤ ጠባሳው ከወጣ እርጥብ ጨርቅ ያነሣዋል። ቀለም ግን ከነካው አይመለስም። ለቢሮ ከአሸዋው የሚሻልበት ነገር አለው፤ የሚበተን ነገር የለውም።

## ድምፅ ሸፋኞች

የጎረቤት ወሬ የሚረብሸው ሰው ዋይት ኖይዝ (ወሬን የሚሸፍን ወጥ ድምፅ) የሚያወጣ ሣጥን ይበቃዋል። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ውስጡ እውነተኛ ማራገቢያ አለው፤ ድምፁ አይደጋገምም፣ ምርጫው ግን ጥቂት ነው። ሁለተኛው የተቀዳ ድምፅ ያጫውታል። እዚህ ላይ ቅጂው አጭር ከሆነ ጆሮ ድግግሞሹን ይለምደዋል፣ ከለመደው በኋላ መስማቱን መተው ያቅተዋል። ሲፈትሹ የዝናቡን ድምፅ ከፍተው ሁለት ደቂቃ ሙሉ ይስሙ፤ አንዲት ጠብታ ተመልሳ ከመጣች ይተዉት።

የድምፁ ቀለም ለውጥ ያመጣል። ነጩ በሁሉም ሞገድ እኩል ኃይል አለው፣ ጆሮ ላይ ፍሽሽ ይላል። ሮዙ ሞገዱ እጥፍ በፈጠነ ቁጥር (በየኦክታቩ) 3 ዴሲቤል፣ ቡናማው 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ቡናማው ለጆሮ ለስላሳ ስለሆነ ይወደዳል፤ ሆኖም የንግግር ተነባቢ ድምፆች ከፍ ባለው ሞገድ ላይ ስለሚገኙ ወሬን በመሸፈን ደካማ ነው። ለወሬ ሮዙ ጥሩ መሀል ነው።

ሣጥኑን ከጆሮዎ አጠገብ አያስቀምጡት፤ በእርስዎና በድምፁ ምንጭ መካከል ያድርጉት። ከዝቅታ ጀምረው ቃላቱ የማይለዩበት ነጥብ ላይ ሲደርሱ ያቁሙ። ብዙ ጊዜ 50 ዴሲቤል አካባቢ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጎልማሳ ያስቀመጠው የማዳመጥ ወሰን በሳምንት ለ40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ነው፤ ወደዚያ የሚያስጠጋ ነገር ካለ ጉዳዩ የሣጥን ሳይሆን የቦታ መቀየር ነው።

## ፏፏቴና ዲፊውዘር

ሁለቱም ውሃ ይይዛሉ፣ ሁለቱም ከሁሉ በላይ ጥገና ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ ለጀማሪ የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለባቸውም።

ፏፏቴው ውስጥ ያለችው ትንሽ ፓምፕ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ሰጥማ መቆየት አለባት። ውሃ እየተነነ ሲወርድ መጀመሪያ መንጎርጎር ትጀምራለች፤ ያ ድምፅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሰምቶ ያልሞላ ሰው ሞተሯን ያቃጥላል። በየሁለት ሳምንቱ ውሃውን ይቀይሩ። ነጭ ኖራ ከያዛት እኩል ውሃና አቼቶ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ነክረው በጥርስ ብሩሽ ይፈትጉ። የሚረጨው ጠብታ ከሚታየው በላይ ይርቃል፤ ሥራ ላይ እያለ ዙሪያውን ደረቅ ወረቀት ያንጥፉ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የረጠበው ድንበር ላፕቶፕዎ የማያልፈው መስመር ነው።

ዲፊውዘሩ፣ ማለትም የሽታ ማሰራጫው፣ ውሃውን ወደ ጉም የሚለውጠው በሴራሚክ ዲስክ ንዝረት ነው፤ በሰከንድ ወደ 1.7 ሚሊዮን ጊዜ ይንቀጠቀጣል። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ከ3 እስከ 5 ጠብታ ዘይት ይበቃል። ከዚያ በላይ ማድረግ ሽታውን ራስ ምታት ያደርገዋል፣ ዘይቱም ዲስኩ ላይ ይጋግራል። ጉሙ ከሳሳ ዲስኩን በጥጥና በአልኮል ማጽዳት ነው፤ በሹል ነገር ከተጫረ አይጠገንም። ውሃው ጨዋማ ከሆነ ዕቃው ዙሪያ ነጭ አቧራ ያርፋል። የተረፈ ውሃ ማሳደር ሻጋታ ያመጣል፤ በየቀኑ ደፍተው ያድርቁት።

የጋራ ክፍል ውስጥ ሽታ መልቀቅ ትክክል አይደለም። አስም ያለበትን ሰው ሊያፍን ይችላል። በቤት ድመት ካለ ደግሞ አንዳንድ ዘይቶች፣ በተለይ የሻይ ዛፍ ዘይት፣ ይመርዟታል። ሽታ የሚወዱ ከሆነ ሁለት ጠብታ ጥጥ ላይ አድርገው ክዳን ባለው ብልቃጥ ይያዙ፤ ከፍተው ያሸታሉ፣ ይዘጋሉ።

## የልብ ምትና የአንጎል ሞገድ አንባቢዎች

ባዮፊድባክ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በጣት ወይም በጆሮ ጫፍ ላይ ብርሃን እያሳለፉ በሁለት ምቶች መካከል ያለውን ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ይለካሉ፤ ልዩነቱ ከትንፋሽ ጋር እየገጠመ ሲሄድ ስክሪን ላይ ያሳያሉ። ትምህርታቸው ጥሩ ነው፤ ለእርስዎ የሚስማማው የትንፋሽ ፍጥነት 5 ይሁን 6 በትክክል ይነግሩዎታል።

ንባቡን የሚያበላሸው ብዙ ነው። ቀዝቃዛ ጣት ደም ስለማይደርሰው ምልክቱ ይደክማል፤ እጅን አሙቆ መጀመር ያስፈልጋል። የጥፍር ቀለም ብርሃኑን ይከለክላል። ትንሽ እንቅስቃሴ እንደ ምት ይቆጠራል። የጆሮው ቅንጥብ ከጣቱ ይሻላል፤ እጅ ነፃ ይሆናል፣ ጭንቅላትም ከእጅ ያነሰ ይንቀሳቀሳል። የልብ ምት መዛባት ያለበት ወይም ቤታ ብሎከር የሚባለውን የልብ ምት የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቁጥሩን እንደ ሌላው ሰው ሊያነበው አይችልም።

ግንባር ላይ የሚታሰረው የአንጎል ሞገድ አንባቢ የበለጠ ይቸገራል። ዓይን ማርገብገብና ጥርስ መንከስ የሚያመጡት የኤሌክትሪክ ምልክት ከአንጎሉ ምልክት ይበልጣል። ሰው ተረጋጋሁ ሲል መሣሪያው ያነበበው ግንባሩን ማላላቱን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ዋናው ጉዳይ ግን ቁጥሩ ነው። በሥራው ሁሉ በውጤት የሚለካ ሰው የመረጋጋት ነጥብ ሲሰጠው ነጥቡን ማሳደድ ይጀምራል። ዝቅ ባለ ቁጥር የሚናደድ ከሆነ ዕቃው በተቃራኒው ሠርቷል። አፕ የግድ ስለሚሉና የጤና መረጃም ስለሚሰበስቡ፣ ያለ አካውንት የሚሠራ ካልሆነ አይመከርም።

## ሰዓቶችና የሚታዩ ዕቃዎች

የአሸዋ ሰዓት በዚህ ሁሉ መሀል የሚረሳው፣ ሆኖም ለሌሎቹ መሠረት የሆነው ነው። ዕቃ የሚጠቅመው እረፍት ሲኖር ነው። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ በ1980ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ዘዴ 25 ደቂቃ ሥራና 5 ደቂቃ እረፍት ይላል፤ የ5 ደቂቃው አሸዋ ያለ ደወል፣ ያለ ስልክ ለእረፍቱ ልክ ይሰጣል። ጥቂት ሰከንድ ቢያዛባ ለዚህ ሥራ ችግር የለውም።

በክር ተንጠልጥለው የሚጋጩት የኒውተን ኳሶች ቀጭ ቀጭ ስለሚሉ ለብቻ ክፍል ብቻ ናቸው። በዘይትና በባለቀለም ውሃ የተሞሉት ብልቃጦች ለመመልከት ደስ ይላሉ፤ ክዳናቸው ሲላላ ግን ቀለሙ ወረቀት ያበላሻል። የ10,000 ሉክስ መብራት ለወቅታዊ ድብርት የሚታዘዝ ሌላ ነገር ነው፤ ከዚህ ዝርዝር ጋር አያምታቱት።

## በአንድ እይታ

| ዕቃ | ውጥረት ማርገብ | ሐሳብ መሰብሰብ | ሥራ እየሠሩ | ለጎረቤት | ጥገና | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የትንፋሽ መብራት ወይም ነዛሪ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ነዛሪው ይሆናል | አይረብሽም | ቀላል | መካከለኛ |
| ኳስ፣ የሲሊኮን ሊጥ | ጥሩ | ደካማ | ይሆናል | አይረብሽም | የለም | ዝቅተኛ |
| ፊጄት ኪዩብ | መጠነኛ | ደካማ | ይሆናል | እንደ ፊቱ | የለም | ዝቅተኛ |
| የአሸዋ ትሪ፣ የውሃ ሰሌዳ | መጠነኛ | በጣም ጥሩ | አይሆንም | አይረብሽም | ቀላል | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| በራሱ የሚስል አሸዋ | መጠነኛ | መጠነኛ | ዓይን ይስባል | እንደ ሞተሩ | መካከለኛ | በጣም ከፍተኛ |
| ድምፅ ሸፋኝ | ለጫጫታ ብቻ | በተዘዋዋሪ | ይሆናል | ይሰማል | የለም | መካከለኛ |
| ፏፏቴ | መጠነኛ | ደካማ | ይሆናል | ይሰማል | ከባድ | መካከለኛ |
| ዲፊውዘር | መጠነኛ | ደካማ | ይሆናል | ይረብሻል | ከባድ | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| የልብ ምት አንባቢ | ጥሩ | ጥሩ | አይሆንም | አይረብሽም | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| የአሸዋ ሰዓት | በተዘዋዋሪ | ጥሩ | ይሆናል | አይረብሽም | የለም | ዝቅተኛ |

## ለማን የቱ?

እጅ ላይ ያለው ገንዘብ ትንሽ ከሆነ የ5 ደቂቃ የአሸዋ ሰዓትና የፎም ኳስ ይግዙ። ሰዓቱ እየወረደ ከላይ የተጻፈውን መጨበጥና መልቀቅ፣ ቀጥሎም 4 ሰከንድ መሳብና 6 ማውጣትን በልብ እየቆጠሩ ይሠራሉ። ይህ ጥንድ ብዙ ውድ ዕቃዎች የሚሠሩትን ይሠራል።

መካከለኛ በጀት ላለውና ውጥረቱ በሰውነት ላይ ለሚወጣበት ሰው ፍጥነቱ የሚስተካከል የትንፋሽ መብራት ይቅደም፤ ክፍት ቢሮ ውስጥ ከሆነ ነዛሪው። ሐሳቡ ለሚበተንበት የውሃ ሰሌዳ ለቢሮ፣ የአሸዋ ትሪ ለቤት። ቀኑን በስብሰባ ለሚያሳልፍ የሲሊኮን ሊጥ፤ ከጠረጴዛ በታች ማንም ሳያየው ይሠራል።

ከፍተኛ በጀት ያለው ሰው ባዮፊድባክ ቢያስብም ከመግዛት ይልቅ መዋስ ቢችል ይሻለዋል። ተስማሚ የትንፋሽ ፍጥነቱን ካወቀ በኋላ ያንኑ ፍጥነት ተራ መብራት ላይ ሞልቶ መቀጠል ይችላል።

ከአሸዋ ሰዓቱ በቀር ሁለት ዕቃ በአንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ አያውጡ፤ የትኛው እንደጠቀመ አይታወቅም። አንዱን በማይጽፉበት እጅ በኩል፣ ክንድ በሚደርስበት ቦታ ያስቀምጡ። ሁለት ሳምንት ሳይነካ ከቆየ መመለሻው ቀን ሳያልፍ ይመልሱት።

ዕቃው ክብ የሳንቲም ባትሪ የሚጠቀም ከሆነ ክዳኑ በብሎን የሚታሰር መሆን አለበት። ልጅ የዋጠው የሳንቲም ባትሪ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ሊያቃጥል ይችላል። ለጨዋታ ተብለው የሚሸጡ ጥቃቅን የኒዮዲሚየም ማግኔት ኳሶችም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለት ከተዋጡ በአንጀት ግድግዳ መሀል ይሳሳቡና አንጀቱን ይበሱታል። ልጅ ወደሚገባበት ክፍል ሁለቱንም አያስገቡ፤ ተዋጠ ብለው ከጠረጠሩም ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱ።